ፎቁን ብቻ አናንሣ

በግቢያችን ካሜራ የሌለው ተማሪ የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ስልክ የሌለው የለምና። ነገር ግን የእነዚህ ሁሉ ካሜራዎች ሥራ ባንድነት ተሰብስቦ ቢታይ አዲስ አበባ ምን ትመስል ይሆን? ከእንጦጦ ቁልቁል የታየች ብዥ ያለች ከተማ፤ በሌሊት መብራት ያሸበረቀ አንድ ረጅም የባንክ ሕንጻ፤ መስቀል አደባባይ፤ አዲስ የተነጠፈ የእግረኛ መንገድና በላዩ ላይ የቆመ ጓደኛ፤ ከዚያም እንደገና ያው ባንክ። ሚሊዮኖች የሚኖሩባት ከተማ በእኛ ፎቶግራፍ ውስጥ ሰው የማይኖርባት ሆናለች።

ይህን የምንለው ከዳር ቆመን አይደለም። ስድስት የታሪክ፣ የሥነ ጽሑፍና የቋንቋ ተማሪዎች ሆነን፣ ሁለት አሮጌ ካሜራና የየራሳችንን ስልክ ይዘን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከስድስት ኪሎ እየተነሣን ከተማውን በእግር መዞር ከጀመርን ሁለተኛ ዓመታችንን ይዘናል። የሙያው ሰዎች አይደለንም፤ የሚከፍለንም የለም። ፎቶግራፎቻችንንም በዚህ መጽሔት ላይ ለማሳየት አልተቻለም፤ ማባዣው ሰውንም ሕንጻንም እኩል ጥቁር ነጠብጣብ ያደርጋቸዋልና። ስለዚህ ምስሉ ቢቀር ሐሳቡ ይቅረብ ብለናል። ሐሳባችንም ባጭሩ ይህ ነው፦ ተማሪ ካሜራውን ከፎቁ ጫፍ አውርዶ ወደ ሰፈሩ ማዞር አለበት፤ ያውም ዛሬ እንጂ ነገ አይደለም፤ ነገ ሰፈሩ ላይኖር ይችላልና።

አንድ ነገር አስቀድሞ ግልጽ ይሁን፤ እኛ ፎቅ አንጠላም። የከተማዋ መልክ ከሰማይ ጋር የሚገናኝበት መስመር ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ከሩቅ የሚታየው የቤተ መንግሥቱ ኮረብታና አብያተ ክርስቲያናቱ ነበሩ። ቀጥሎም ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ እየበቀለ ሸፈናትና ከተማዋ ከላይ ሲያዩዋት ጫካ መሰለች። ባቡር በ1909 ዓ.ም. ገባ፤ በ1922 ዓ.ም. የተመረቀው የለገሃር ጣቢያ የቁልቁለቱን ጫፍ ያዘ። በ1953 ዓ.ም. የአፍሪካ አዳራሽ ተመረቀ። የነደፉት ጣሊያናዊው አርቱሮ መዜዲሚ ጥቂት ዓመት ቆይተው ደግሞ የማዘጋጃ ቤቱን ሕንጻ በዳገቱ አናት ላይ ሠሩ። ከማዘጋጃ ቤቱ ደጅ ቆሞ የቸርችልን ጎዳና ቁልቁል ወደ ለገሃር የተመለከተ ሰው አንድ ዘመን ከሌላው ዘመን ጋር በገመድ ታስሮ ያያል። በ1977 ዓ.ም. የትግላችን ሐውልት በዚሁ ጎዳና ዳር ቆመ። በ2004 ዓ.ም. የአፍሪካ ኅብረት ጽሕፈት ቤት ወደ 100 ሜትር ከፍ አለ፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የንግድ ባንክ ሕንጻ 209 ሜትር ደርሶ ሁሉንም ጥሏቸው ሄደ።

ይህን ማንሣት ደስ ይላል። ከተማዋ ከእንጦጦ ግርጌ ወደ ደቡብ እየወረደች የምትሄድ በመሆኗ፣ ከታች ቆሞ ወደ ሰሜን የሚመለከት ሰው ፎቆቹን በተራራው ላይ ተደግፈው ያያቸዋል። እንጦጦ ላይ የወጣ ግን ያንን 209 ሜትር በሜዳ ላይ እንደ ተተከለ ካስማ ከእግሩ በታች ያገኘዋል። ሕንጻው አንድ ነው፤ ኩራቱ ግን እንደ ቆምንበት ቦታ ይለያያል። ጊዜውንም መምረጥ ያስፈልጋል። መስከረምና ጥቅምት ዝናቡ አየሩን አጥቦት ስለሚሄድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ጥርና የካቲት ላይ ግን አቧራውና ጭሱ መጋረጃ ይሆናል። ከጧቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ያለው ብርሃን ከጎን ስለሚመጣ የቆርቆሮውን ሽብሽብ ሳይቀር ያሳያል። ቀትር ላይ ፀሐይዋ ከአናት ስለምትወርድ የሰው ዓይን ጉድጓድ ሆኖ ይቀራል። ማታም ቢሆን እኛ ካለንበት ከምድር ወገብ ቅርብ አገር ጀንበር ከጠለቀች በኋላ ጨለማው አይዘገይም፤ ካሜራውን እስክናስተካክል ቀኑ ያልቃል።

እንግዲህ ጥፋቱ ፎቁን ማንሣቱ አይደለም። ጥፋቱ የሚመጣው መስመሩን ከተማው ነው ብለን ስንወስድ ነው። የአንድን ሰው ቁመት በግድግዳ ላይ በከሰል ምልክት ማድረግ ይቻላል፤ ነገር ግን ምልክቱን አይቶ ሰውየው ደግ ይሁን ክፉ፣ ጠግቦ ይደር ተርቦ የሚያውቅ የለም።

በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ፣ የዶሮ ማነቂያና የአራት ኪሎ አካባቢ ሰፈሮች በኮሪደር ልማት ፈረሱ። በ2017 ዓ.ም. ተራው የካዛንቺስ ሆነ። ስለ ልማቱ በየዶርሙ የሚደረገውን ክርክር እናውቀዋለን። አንዱ መንገዱ ሰፋ፣ እግረኛ መሄጃ አገኘ፣ ከተማው ጸዳ ይላል። ሌላው የነዋሪው ጉርብትና፣ እድሩና የዕለት እንጀራው አብሮ ፈረሰ ይላል። ሁለቱም የሚሉት አላቸው። እኛን ያስገረመን ግን ተከራካሪዎቹ የሚከራከሩበትን ሰፈር የሚያሳይ አንድ ፎቶግራፍ በእጃቸው አለመኖሩ ነው። የክፍል ጓደኞቻችንን «የቀድሞውን ዶሮ ማነቂያ ያነሣችሁ አምጡ» ብለን ጠየቅን። የመጣው የፒያሳ የወርቅ ቤቶች መስኮት፣ በጠረጴዛ ላይ ያለ ማኪያቶ፣ በሲኒማ ቤት ደጅ የቆሙ ጓደኞች ነው። የውስጡን መንገድ ያነሣ አልተገኘም። ሁላችንም በዳሩ አልፈናል፤ ገብቶ ያየ የለም።

ውስጡ ምን ነበረ? ከእንጨትና ከጭቃ ተሠርቶ ጭድ የተቀላቀለበት ግድግዳ፤ ከውስጥ በኩል ጋዜጣ የተለጠፈበት፤ በላዩ ዝገቱ ከቡና ቀለም ወደ ጥቁር የተሻገረ ቆርቆሮ፤ ቆርቆሮው እንዳይነሣ የተጫነበት ድንጋይ፤ በበሩ ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈ የቤት ቁጥር፤ ጀሪካን የተሰለፈበት የጋራ ቧንቧ፤ በርበሬ የተሰጣበት ሰሌን፤ የእድሩ ድንኳንና አግዳሚ ወንበር የተከመረበት ክፍል። ቤቱ ያረጀበትም ምክንያት አለው። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ከተወረሰ በኋላ ብዙው ቤት የቀበሌ ሆነ፤ ኪራዩ እጅግ ዝቅተኛ ነበር። ተከራዩ የእርሱ ስላልሆነ አላደሰውም፤ ቀበሌውም በዚያ ኪራይ ሊያድሰው አልቻለም። ግድግዳው ያዘመመው እንዲህ ሆኖ ነው። ይህን ግድግዳ በደንብ ያነሣ ተማሪ የአንድን አዋጅ ውጤት አነሣ ማለት ነው። የኢኮኖሚክስ መምህሮቻችን በሰሌዳ ላይ የሚጽፉልን ነገር እዚያ ቆሞ ነበር።

የታሪክ ተማሪዎች ስለሆንን ወደ ኋላ ማየት ልማዳችን ነው። ፎቶግራፍ ወደ ከተማችን የገባው በቤተ መንግሥቱ በር ነው። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጅያን የዳግማዊ ምኒልክ ፎቶግራፍ አንሺ ነበሩ፤ ሙያውን ልጆቻቸው ወርሰው ቀጠሉበት። በኋለኛው ዘመን ሸመልስ ደስታ የንጉሠ ነገሥቱን፣ ቀጥሎም የደርግን ዘመን በካሜራቸው ይዘዋል። እግዜር ይስጣቸውና የነገሥታቱን ፊት፣ የመኳንንቱን ካባ፣ የሰልፉን ስፋት በእነርሱ አወቅን። ግን በዚያው ቀን ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ የወረደችው ሴት ፊቷ ምን ይመስል ነበር? ስሟስ ማን ነበር? አልፎ አልፎ ብትገኝ እንኳ ስም የላትም፤ «እንጨት ተሸካሚ» ተብላ ቀርታለች።

በእኛ ዘመን መልካም ሥራ አልታጣም። አይዳ ሙሉነህ በ2003 ዓ.ም. የአዲስ ፎቶ ፌስትን መሥርታ የአፍሪካን ፎቶግራፍ አንሺዎች ወደ ከተማችን አመጣች። ሚካኤል ፀጋዬ የምትፈርሰውንና የምትሠራውን አዲስ አበባ በትዕግሥት ተከታትሎ አነሣ። «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተባለው መጽሐፍ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2018 የወጣው፣ በየቤቱ አልበም ውስጥ ተኝቶ የነበረውን የቤተሰብ ፎቶግራፍ ሰብስቦ የሁሉ አደረገው። ከዚህ የምንማረው ትልቅ ነገር አለ፦ አንዲት እናት ለራሷ ብላ ያስቀመጠችው የሠርግ ፎቶ ከ50 ዓመት በኋላ የከተማ ታሪክ ይሆናል። ነገር ግን የሙያው ሰዎች ጥቂት ናቸው፤ ሰፈሩ ግን ብዙ ነው። ተማሪ ደግሞ የማይመጣበት ሰፈር የለም።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ ይቀርብብናል።

የመጀመሪያው «አገር በስንት ችግር ተይዛ ሳለ ፎቶግራፍ ማንሣት የቅንጦት ጨዋታ ነው» የሚለው ነው። ለዚህ መልሱ እዚሁ ግቢ ውስጥ አለ። በ1965 ዓ.ም. የወሎ ሕዝብ በረኃብ ሲያልቅ መንግሥት ነገሩን ሸፍኖት ነበር። ያን ጊዜ የዚህ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ ሄደው ያዩትን በፎቶግራፍ ይዘው ተመለሱ፤ በግቢውም ለተማሪው አሳዩ። በሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያነሣው ፊልም ለዓለም ታየ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ እናውቃለን። ቃል ሲካድ ይችላል፤ ምስልን መካድ ግን ይከብዳል። ቅንጦት ቢሆን ኖሮ ያን ያህል ባልተፈራ ነበር።

ሁለተኛው «ገመናችንን ለምን ታወጣላችሁ? አሮጌውን ቤት ትታችሁ አዲሱን አሳዩ» የሚለው ነው። ይህ ጠንከር ያለ ነው፤ ከልብ የሚናገሩትም አሉ። በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ጊዜ የኢትዮጵያ ስም በዓለም ዘንድ የተራበ ሕፃን ምስል ሆኖ ቀርቷል፤ ያ ያቆሰለው ትውልድ ካሜራ ሲያይ ቢሸማቀቅ አይፈረድበትም። ነገር ግን ገመና ማለት ምንድን ነው? ሰውን ሳይጠይቁት፣ ስሙን ሳያውቁት፣ ጉስቁልናውን ብቻ ቆርጦ መውሰድ ገመና ማውጣት ነው። የልብስ ሰፊውን ሲንጀር መኪና፣ የልጆቹን የጨርቅ ኳስ፣ በቡና ሰዓት የሚሰበሰቡትን ጎረቤቶች ከነሳቃቸው ማንሣት ግን ገመና አይደለም። ገመና የሚሆንብን በጭቃ ቤት የኖረ ሰው ያፍር ዘንድ ይገባዋል ብለን በልባችን ከፈረድን ብቻ ነው። ከመካከላችን በጭቃ ቤት ያላደገ ስንት ነው?

ስለዚህ አነሣሡ ሥርዓት ይኑረው። እኛ በልምድ ያገኘነው ሥርዓት ቀላል ነው። ካሜራው ከቦርሳ ሳይወጣ ሰላምታ ይቅደም። ቡና የሚሸጥ ካለ ተቀምጦ መጠጣት ነው። ከዚያ መጠየቅ፤ «አይሆንም» ከተባለ አመስግኖ መሄድ። ከተፈቀደም ፎቶግራፉን አሳትሞ ለባለቤቱ መመለስ። በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ካዛንቺስ ውስጥ ጀበና ቡና የሚሸጡ አንዲት እናት ዘንድ ተቀምጠን ፈቃድ ስንጠይቅ፦

«ያን የመሰለ ፎቅ ቆሞላችሁ እኔን ምን ልታደርጉኝ ነው ልጆቼ?» አሉን።

«እማማ፣ ፎቁ የትም አይሄድም» አልናቸው።

«እኔስ ወዴት እሄዳለሁ?» ብለው ሳቁ። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ጀበናውን ወደ ፊት ገፋ አድርገው ተነሡልን። በሳምንቱ ፎቶግራፋቸውን አሳትመን ስንሄድ መግቢያው በቆርቆሮ ታጥሯል። ለጎረቤት እንዳንሰጥ ጎረቤት የለም። ፎቶግራፉ እስከ ዛሬ በአንዳችን ደብተር ውስጥ ነው። ካዛንቺስ የነበራችሁ ተማሪዎች ብታዩት ታውቋቸው ይሆናል፤ መጥታችሁ እዩልን።

ስለ ሕግም ጥቂት እንበል፤ የማያውቀው ብዙ ነውና። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። አንቀጽ 28 ደግሞ ለሳይንስ፣ ለባህልና ለትምህርት ጉዳይ ሲሆን፣ እንዲሁም በአደባባይ ከሚደረግ ነገር ጋር የተያያዘ ሲሆን ፈቃድ እንደማያስፈልግ ይገልጻል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 ሰው ሐሳቡን በሥነ ጥበብ መልክ ጭምር የመግለጽ ነጻነት ይሰጠዋል፤ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወቱን ያስከብርለታል። እነዚህ ሕጎች የሚጠብቁት ሰውን ነው። በመንገድ ላይ የሚያጋጥመን ግን ተቃራኒው ነው። ሊስትሮውን ሳንጠይቀው ብናነሣው «ለምን?» የሚለን የለም፤ የመስታወት ፎቅ ስናነሣ ግን ዘበኛ ይሮጣል።

አንድ ቀን ከአንድ ሕንጻ ፊት ለፊት፣ ስሙን እንለፈውና፣ አንድ ወጣት ዘበኛ እጁን ዘርግቶ መጣ። «ፎቶ ክልክል ነው!» «ወንድማችን፣ ማን ከለከለ?» «አለቃ።» «አለቃውን ማን ፈቀደለት?» ዝም አለ። እኛ የቆምነው በሕዝብ መንገድ ላይ ነበር። ልጁ ክፉ አይደለም፤ የታዘዘውን ፈጸመ እንጂ። የሥራ ሰዓቱ ሲያልቅ ራሱ መጥቶ «በሉ እኔን አንሡኝ፤ ለአገር ቤት ልላከው» አለን። አነሣነው። ሕንጻው ሳይፈቅድ ቀረ፤ ሰውየው ግን ፈቀደ። የጦር ሰፈርና የመሳሰለው መከልከሉ ይገባናል፤ በየትም አገር ያለ ነው። የማይገባን ግን የተከለከለው የት እንደሆነ ተጽፎ ሳይታወቅ፣ ክልክሉ በየዘበኛው አፍ ላይ እንዲኖር መደረጉ ነው።

እንግዲህ ትችት ብቻ አቅርበን አንሄድም። ለተማሪው ማኅበር ሦስት ነገር እናሳስባለን።

አንደኛ፣ ማኅበሩ «አንድ ተማሪ አንድ ሰፈር» የሚል የፎቶግራፍ ስብስብ ይጀምር። እያንዳንዱ ተማሪ የተወለደበትን ወይም ያደገበትን ሰፈር ያንሣ። ይህ ለአዲስ አበባ ልጆች ብቻ አይደለም፤ የደሴው፣ የጎንደሩ፣ የጅማው፣ የድሬዳዋውም ተማሪ ለክረምት ሲሄድ የየከተማውን ይዞ ይምጣ። በየፎቶግራፉ ሥርም ቦታው፣ ቀኑና ዓመተ ምሕረቱ፣ ባለቤቱ ከፈቀደም ስሙ፣ የሚታየውም ዕቃ በሰፈሩ ሰው አጠራር ምን እንደሚባል ይጻፍ። ያልተጻፈበት ፎቶግራፍ ከ20 ዓመት በኋላ እንቆቅልሽ ነው።

ሁለተኛ፣ ስብስቡ ቢያንስ በሁለት ቦታ ይቀመጥ። ስልክ ይሰረቃል፤ ሜሞሪ ካርድ ይበላሻል፤ ተመርቆ የሄደ ተማሪ አይገኝም። በገነተ ልዑል ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ከተቋቋመበት ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ የአገሩን መዝገብ ሲያስቀምጥ የኖረ ቤት ስለሆነ አንዱን ቅጂ እንዲቀበል ማኅበሩ ይጠይቅልን። በዓመት አንድ ጊዜም ኤግዚቢሽን ይደረግ፤ በግቢው ብቻ ሳይሆን በሰፈሩም ጭምር፤ የተነሣው ሰው ራሱን ሳያይ መቅረት የለበትም።

ሦስተኛ፣ ማኅበሩ ለሚያነሡ ተማሪዎች የመታወቂያ ደብዳቤ ይስጥ፤ ፎቶግራፍ የተከለከለባቸው ቦታዎችም ተለይተው በይፋ እንዲነገሩ የከተማውን አስተዳደር ይጠይቅ። ያልተለየውም እንደ ተፈቀደ ይቆጠር።

አንዳንዱ «ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ሰፈሩ እንደሆነ መፍረሱ አይቀርም» ይል ይሆናል። እውነት ነው፤ በእኛ ካሜራ የቆመ ቡልዶዘር የለም፤ ይቆማልም አንልም። ነገር ግን ሰው ሲሞት ፎቶግራፉ በለቅሶ ቤት የሚቀመጠው ሊያስነሣው አይደለም፤ ማን እንደነበረ ለመጣው ሁሉ ሊናገር ነው። ነገ ስለዚህች ከተማ የሚጽፍ፣ የሚከራከር፣ የሚፈርድ ትውልድ ይመጣል። ለዚያ ትውልድ የባንኩን መብራት ብቻ ትተንለት ብንሄድ «አባቶቻችን ሁሉ በፎቅ ላይ ይኖሩ ነበር» ብሎ ይጽፋል፤ ስሕተቱም የእርሱ አይሆንም።

በዚህ ሐሳብ የማይስማማ ካለ ይጻፍልን፤ መጽሔቱ የሁላችንም ነው። የሚስማማ ደግሞ ቅዳሜ ከጧቱ 12 ሰዓት ተኩል ስድስት ኪሎ፣ የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት ዘንድ ይምጣ። ካሜራ ባይኖረው ግድ የለም። ጫማው ግን ለጭቃ የሚሆን ይሁን።